ቡችላ ለአራተኛ ፎቅ

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ዳር ቡችላ የሚሸጡ ልጆች አይታ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። «እማዬ፣ አንድ ብቻ። ትንሽዬ፣ ነጭ።» የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ሊፍት የለውም።

እምቢ ብዬ መገላገል እችል ነበር። ግን እኔም ከውሻ ጋር ነው ያደግሁት፤ ልጄን ምክንያቱን በደንብ ሳላስብበት ልከለክላት አልፈለግሁም።

ካዛንቺስ እያለን ቦቢ የሚባል ቡናማ የአበሻ ውሻ ነበረን። ቤት ገብቶ አያውቅም፤ እናቴ በዚህ አትደራደርም። ግን ለእሱ ፍትፍቱን ሳታወጣለት ቁርሷን አትቀምስም ነበር። ቦቢ የራሱ ሥራ ነበረው። ማታ በር ይጠብቃል፣ ቀን ጥላ ፈልጎ ይተኛል፣ በሩ ገርበብ ሲል ወጣ ብሎ የሰፈሩን ውሾች አይቶ ይመለሳል። እኛ ለእሱ ብለን ያደረግነው ብዙ ነገር አልነበረም። ግቢውና ሰፈሩ ናቸው ያሳደጉት።

2017 ዓ.ም. ላይ ሰፈሩ ሲነሳ እናቴ እህቴ ጋ ገባች፤ እሷም ኮንዶሚኒየም ነው ያለችው። ቦቢን ለአንድ የምናውቀው ዘበኛ ሰጠነው። በሦስተኛው ቀን ገመዱን በጥሶ ጠፋ። ወንድሜ የቀረ ቆርቆሮ ሊያመጣ ሲሄድ፣ በራችን በነበረበት ቦታ አፈሩ ላይ ተኝቶ አገኘው። መልሶ ወሰደው። እንደገና ጠፋ። ከዚያ በኋላ ብንፈልገው አላገኘነውም። እናቴ ዛሬም ስሙ ሲነሳ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ልጄ ቡችላ ስትል ለእኔ የሚታየኝ ያ አፈር ላይ የተኛው ቦቢ ነው።

ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን አንድ ነገር ሞከርን። ማሰሪያ ገዛሁና ለሁለት ሳምንት ውሻ እንዳለን ሆነን እንኑር አልናት። ከሌሊቱ 11፡30 ተነስተን፣ ማሰሪያውን ይዘን ደረጃውን እንወርዳለን፤ ሃያ ደቂቃ ተራምደን እንመለሳለን። ማታም እንደዚያው። የመጀመሪያውን ቀን እየዘለለች ወረደች። በአራተኛው ቀን ዝናብ ነበር፤ ወረደች፣ ግን ዝም አለች። በዘጠነኛው ቀን እኔ የታክሲ ሰልፍ ይዞኝ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ ስገባ፣ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ማሰሪያውን በእጇ እንደጠቀለለች ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ያን ማታ የወረደ ሰው የለም። እውነተኛ ውሻ ቢኖር ኖሮ ከጠዋት ጀምሮ በር በሩን ሲያይ በዋለ ነበር።

ሰዓቱን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ሁላችንም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወጥተን የመጀመሪያው ሰው የሚመለሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አሥር ሰዓት ሙሉ። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሁለት ከሦስት ሰዓት በላይ መያዝ አይችልም። ውሻ ደግሞ አሥር ዓመትም፣ አሥራ ሦስትም ይኖራል፤ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እሱ ገና እዚሁ ነው።

ፊት ለፊታችን ባለው ብሎክ አንድ የፈረንጅ ውሻ በረንዳ ላይ ታስሮ ይውላል። ጠዋት ባለቤቶቹ ሲወጡ ይጮኻል፣ እስኪደክመው። በረንዳው ሲታጠብ ውሃው የታችኛው ጎረቤት ልብስ ላይ ይወርዳል። በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ የሚማረረው በውሻው ነው። ውሻው ምን አደረገ? የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ቤቱን የግል፣ ደረጃውንና ኮሪደሩን የጋራ ያደርጋል። ግድግዳ ያልያዘው ጩኸትም የሁላችን ነው፤ ስለዚህ ቡችላ ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ከታች ያለ ጎረቤቱን አስቀድሞ ማነጋገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ክትባቱም አለ። ልጆች በሚሯሯጡበት ደረጃ ላይ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያልተከተበ ውሻ ይዞ መውረድ ለእኔ ይቅርታ የለውም። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በቀጥታ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ይህን ልጄም በቃሏ ታውቀዋለች።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሻ አይያዝም እያልኩ አይደለም። እኛው ብሎክ ምድር ቤት አንድ ጡረታ የወጡ አባት አሉ፤ ውሻቸው ቀኑን ሙሉ እግራቸው ሥር ነው። ጠዋትና ማታ አብረው ይወጣሉ፣ የጣለውን በፌስታል ያነሳሉ። ሲያልፉ ልጆቹ በስሙ ይጠሩታል። ጊዜ አላቸው፣ ቤታቸውም ከመሬት ጋር ነው። እኛ ሁለቱም የለንም።

ስለዚህ ቡችላ አንገዛም ብለናል። አለቀሰች። አቅፌ ቦቢ እንዴት እንደጠፋ ነገርኳት፤ ከዚህ በፊት ነግሬያት አላውቅም ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጡረተኛው አባት ወርዳ ውሻቸውን አብራቸው ታንሸራሽራለች፤ ያ የገዛነው ማሰሪያ እሱ አንገት ላይ ነው።

ከግቢ ቤት ተነስታችሁ ፎቅ ልትገቡ የምትዘጋጁ ካላችሁ አደራ፦ ዕቃ የሚጭነውን መኪና ከመጥራታችሁ በፊት ለውሻችሁ ግቢ ያለው ሰው ፈልጉለት። ቀድማችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዛችሁት ሂዱ፣ ቦታውን ይልመድ። እኛ ይህን አላደረግንለትም።