ጠመንጃ ይዞ ወደ ገጠር ስለ መግባት

ከከተማ ሥራና ጫጫታ ርቆ በገጠር መሬት ላይ ለመኖር የሚመኝ ሰው ምክንያቱ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ የሚናፍቀው እርሻውን ነው፤ ሌላው ንጹሑን አየር፤ ሌላው ደግሞ አያቶቹ የኖሩበትን ደጅ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ለየት ያለ ወገን ደግሞ አለ፤ ይኸውም ዒላማ መምታትን የሚወድ፥ ጎሕ ሲቀድ የቆቅ ድምፅ ተከትሎ በጤዛ ውስጥ መሄድ ደስ የሚያሰኘው፥ ጠመንጃውን እንደ በገና ወልውሎ የሚሰቅል ሰው ነው። እኛም ከዚህ ወገን ስለ ሆንን፥ በምዕራብ ጎጃም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በኖርንባቸው ዓመታት ያየነውን፥ ይህ ምኞት ላላቸው የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን።

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና 387 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የቀድሞ ስሟ ወጀት ሲሆን፥ የዛሬው ስሟ በግዕዝ የሰላም ጎዳና ማለት ነው። ከእርሷ ወደ ቡሬ ሲያልፉ ማንኩሳ ትገኛለች፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ የማንኩሳን ስም ያውቃል። ከቡሬም አንዱ መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል። አገሩ ብር፥ ላህና ፈጣም የሚባሉ ወንዞች የሚያጠጡት ለም አገር ነው፤ በቆሎው፥ ጤፉና በርበሬው የታወቀ ነው፤ በፍኖተ ሰላም ዙሪያም ማንጎና ሙዝ ይበቅላል። በወንዝ ዳር ባለው ጥሻ ድኩላና ሚዳቋ፥ በእርሻው ዳር ቆቅና ጅግራ አይታጡም። እንግዲህ የተኩስ ወዳጅ የሆነ ሰው ይህን አገር ባየ ጊዜ ልቡ ቢማረክ አያስደንቅም።

ነገር ግን ወደዚህ አገር ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ጠመንጃ በጎጃም ገበሬ ዘንድ የራሱ ታሪክና የራሱ ትርጉም ያለው ዕቃ ነው። ውጅግራ፥ አልቢንና ምንሽር የሚባሉት ስሞች በአዝማሪ አፍ፥ በቀረርቶና በፉከራ ውስጥ እንደ ሰው ስም ይጠራሉ። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር መጨረሻ የጣሊያን ጦር የቡሬን ምሽግ ለቅቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ፥ በጎጃም ከነበሩት ተዋጊዎች ብዙዎቹ ከአባታቸው የወረሱትን ወይም ከጠላት የማረኩትን ጠመንጃ የያዙ አርበኞች ነበሩ። በቀድሞው ዘመንም ጎሽ ወይም ዝሆን የገደለ ሰው ራሱን ቅቤ ተቀብቶ፥ ወገኑ እየዘፈነለት ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ስለዚህ በገበሬው ሐሳብ ጠመንጃ ለሦስት ነገር ይያዛል፤ ለአገርና ለንብረት ጥበቃ፥ ለክብር፥ ወይም ለደም። አራተኛው፥ እኛ መዝናናት የምንለው፥ ከዚህ መዝገብ ውስጥ የለም።

ይህንንም ያስረዱን መሬታቸውን በኪራይ የሰጡን ሽማግሌ ናቸው። ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ከአንዲት ትንሽ ቤት ጋር ሩብ ሄክታር ያህል መሬት ተከራይተን ከገባን ገና አንድ ወር ሳይሞላን፥ እንደ አገሩ ልማድ «አያ» ብለን የምንጠራቸው እኚህ ሰው አንድ እሑድ ቡና ሊጠጡ መጡ። በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ከአባታችን የወረስነውን ባለ ሁለት አፈ ሙዝ የአደን ጠመንጃ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ሦስተኛውን ስኒ ከጠጡ በኋላም፥ «አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ደመኛ አለብዎ ወይ?» አሉን። ደመኛ እንደሌለብን፥ ጠመንጃውም ለዒላማና ለመዝናኛ ብቻ እንደ ሆነ ብንነግራቸው ጥቂት ፈገግ አሉና፥ «ጥይት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ሰው በገንዘቡ ድንጋይ ይመታል?» አሉ። ቀጥለውም፥ «እኔስ አመንኩዎ፤ ግን መንደሩ ሁሉ የሚጠይቀው ይኸንኑ ነው፤ ከአገሩ ርቆ ጠመንጃ ይዞ የተቀመጠን ሰው ወይ ሸሽቶ የመጣ ነው ይሉታል፥ ወይ ሊገድል የሚጠብቀው ሰው አለው ይሉታል። ለእርስዎ ዋስ የሚሆን ሰው እዚህ ማን አለ?» ብለው ጠየቁን። በእውነቱ በዚያ ቀን ዋስ የሚሆነን አንድ ሰው ስንኳ አልነበረንም።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ጀመርን። መጀመሪያ የመሬቱ ነገር ነው። በሌላው ዓለም የተኩስ ወዳጅ የሆነ ሰው ገንዘብ ካለው ሰፊ መሬት ገዝቶ አጥሮ በውስጡ እንደ ፈቀደ ይተኩሳል። በእኛ አገር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ ወዲህ መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶታል። ገበሬው በእጁ ያለው የይዞታ መብት ነው፤ መሬቱን ሊያከራይ ይችላል፤ ተከራዩ ግን እንግዳ ነው። እንግዲህ በጎጃም ገጠር የሚቀመጥ የመንግሥት ሠራተኛ «በገዛ መሬቴ ላይ» ብሎ የሚናገርበት ስፍራ የለውም። በእያንዳንዱ ማሳ ዳር ሌላ ማሳ አለ፤ በእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ጀርባ ከብት የሚጠብቅ ሕፃን ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው የሕጉ ነገር ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። የአደኑም ነገር ጥንት እንደ ነበረው አይደለም። በ1936 ዓ.ም. ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ከወጣ ጀምሮ ሕጉ እየጠበቀ መጥቶ፥ በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። ለስፖርት ማደን የሚፈልግ ሰው ከባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ፈቃድ አውጥቶ፥ ቁጥጥር ወደሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች መሄድ አለበት፤ እነዚህም ቀበሌዎች በብዛት የሚገኙት የደጋ አጋዘን በሚኖርባቸው በባሌና በአርሲ ተራሮች፥ እንዲሁም በአፋርና በኦሞ ቆላዎች ነው። ስለዚህ በላህ ዳር ድኩላ ያየ ሰው አይቶ ደስ ሊለው ይችላል፤ አነጣጥሮ ሊተኩስበት ግን መብት የለውም።

ሦስተኛው የሃይማኖትና የልማድ ነገር ነው። የአገሩ ሰው ሳይታረድ የሞተ እንስሳ አይበላም፤ «በስመ አብ» ተብሎ ቢላዋ ያልነካው ቆቅ ለእርሱ ጥንብ ነው። በዚህም ላይ ረቡዕና ዓርብ፥ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ፥ ነቢያትና ሐዋርያት ሲደመሩ የምእመናኑ የጾም ቀን በዓመት 180 ቀን ያህል ይሆናል። እንግዲህ አደን ለጎረቤት የሚካፈሉት ግዳይ ካልሆነ፥ ገዳዩ ብቻውን የሚደሰትበት ነገር ሆኖ ይቀራል። ብቻውን የሚደሰት ሰው ደግሞ በገጠር ክብር የለውም።

ይህን ሁሉ የሚሰማ አንባቢ፥ «ታዲያ ጠመንጃው ለሰብል ጥበቃ አይጠቅምምን?» ይል ይሆናል። ጎረቤቶቻችንም በመስከረም ወር በቆሎው እሸት በያዘ ጊዜ ይህንኑ ተስፋ አድርገው ነበር። ዝንጀሮና ጦጣ በቀን፥ ከርከሮና ጃርት በሌሊት የገበሬውን ልፋት ያጠፋሉ። አያ እኛን ወደ ማማቸው ይዘውን ወጥተው ዝንጀሮው የሚመጣበትን ገደል አሳዩን፤ በእርሻው ውስጥ ማንም ሰው አለመኖሩን ካረጋገጥን በኋላም ወደ ባዶው ገደል ፊት ሁለት ጥይት አጮኽን። መንጋው እየጮኸ ሸሸ፤ በማግስቱም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ግን ተመልሶ መጣ። በአራተኛው ቀን ብንተኩስ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተመለከተን። ዝንጀሮውን ከማሳው ያራቀው በመጨረሻ ከንጋት እስከ ምሽት ከማማው ሳይወርድ ወንጭፉን ያጮኽ የነበረው የዐሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ነው። ለሰብል የሚያስፈልገው የማይታክት ጠባቂ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን፤ አንድ ሰው ደግሞ ዓርብ ማታ ከቢሮ መጥቶ እሑድ ማታ የሚመለስ ከሆነ፥ እጁ የቱንም ያህል ቢያነጣጥር ጠባቂ ሊሆን አይችልም። አያም ይህን አይተው አላፌዙብንም፤ «እርስዎ ለልጁ ደብተር ይግዙለት፤ ዝንጀሮውን እርሱ ይችለዋል» ብቻ አሉን። እኛም ደብተሩን ገዛን፤ ልጁ ከማማው ላይ ሆኖ ትምህርቱን እንዲያጠናም ማታ ማታ ሒሳብ አስጠናነው።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ነው ስለ ዒላማው ከሽማግሌዎች ጋር መነጋገር የተቻለው። የተነጋገርነውም በዋነኛነት ስለ ጥይት መንገድ ነበር። በሠርግና በበዓል ቀን ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው ጥይቱ በሰማይ የሚቀር ይመስለዋል። ነገር ግን የምንሽር ጥይት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ወደ ላይ የወጣውም ተመልሶ በማይታወቅ ጣራ ወይም በማይታወቅ ራስ ላይ ይወርዳል። የቆቅ ጥይት የሚባለው ደቃቅ እርሳስ ስንኳ ከ200 እስከ 300 ሜትር ይበተናል። ስለዚህ አልሞ ተኳሽ ከዒላማው ይልቅ ከዒላማው ጀርባ ያለውን አስቀድሞ ማየት አለበት። ሽማግሌዎቹም ይህን ሲሰሙ ነገሩ ገባቸውና፥ ከመንደሩ ራቅ ያለ፥ ጀርባው ሙሉ አፈር የሆነ ገደል መርጠው ሰጡን። የገበያ ቀንና የቤተ ክርስቲያን በዓል እንዳይሆን፥ ከመተኮሱም በፊት በዋዜማው ለእረኞቹ እንዲነገር ተስማማን። ዒላማችንም ያረጀ ቅልና የተሰበረ ገንቦ ነበረ።

ይህ ሐሳብ ለእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። የዒላማ ተኩስ በ1888 ዓ.ም. በአቴና በተደረገው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ውድድር ውስጥ ነበረ። በ1892 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው ጊዜ ግን በሕይወት ያሉ ርግቦች እየተለቀቁ ይተኮስባቸው ነበር። በኋላ ይህ ቀርቶ፥ ዛሬ ተወዳዳሪዎች የሚመቱት በመኪና የሚወረወር እንደ ሸክላ ያለ ዝርግ ዒላማ ነው፤ ተመልካቹም ተኳሹም በዚህ ደስታቸው አልጎደለም። እኛም በገደሉ ፊት ቅሉ በተሰበረ ቁጥር የመንደሩ ወጣቶች ሲያጨበጭቡ፥ ሽማግሌዎቹም በወጣትነታቸው ያዩትን ዒላማ እያነሡ ሲጨዋወቱ፥ በአደን ልናገኘው ያሰብነውን ደስታ ከሞላ ጎደል አገኘነው። አያም አንድ ቀን ጠመንጃውን ተቀብለው በአንድ ጥይት ገንቦውን ሰበሩና፥ ምንም ሳይናገሩ መልሰው ሰጡን።

ነገር ግን ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ፍኖተ ሰላም ሰላማዊ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡባት ከተማ ሆነች። ከዚያ ወዲህ የተኩስ ድምፅ በተሰማ ጊዜ እናት ልጆቿን ወደ ቤት ትጠራለች፤ ባለሱቅ በሩን ይዘጋል፤ ወደ ገበያ የወጣ ሰው ዘመዶቹ ያሉበትን አቅጣጫ ዞሮ ያያል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ሰው ለደስታው ጥይት ቢያጮኽ፥ የእርሱ አንድ ጥይት በመቶ ቤት ውስጥ ድንጋጤ ይሆናል። አያ ነገሩን በአጭር ቃል «እስኪ ቅሉ ይረፍ» ብለው ዘጉት። እኛም ጠመንጃውን ከግድግዳው አውርደን ቆለፍንበት። ከገደሉ ሥር ሣር በቅሎበት ከብት ይግጥበታል፤ ይህንንም ስናይ አንዳንድ ጊዜ እጃችንን ቢበላንም፥ የእረኞቹን ፊት ስናይ ይበቃናል።

እንግዲህ ከመሥሪያ ቤት ተዛውሮም ሆነ በፈቃዱ ወደ ገጠር ለሚገባ የተኩስ ወዳጅ የምንመክረው ይህ ነው። አስቀድሞ ፈቃዱን ከሕግ፥ ቀጥሎም ከጎረቤት ያግኝ፤ የሕጉ ወረቀት የጎረቤትን ፈቃድ አይተካምና። ሁለተኛም፥ አገሩ ሰላም ሲሆን የሚተኩስበትን ስፍራና ቀን ከሽማግሌዎች ጋር ይወስን፤ ሰላም ሲታጣ ደግሞ ማንም ሳይለምነው ጠመንጃውን ይቆልፍ። ሦስተኛም፥ በመጀመሪያው ዓመት ጠመንጃውን ሳያወጣ በቆሎውን ይትከል፤ ለቅሶ ይድረስ፤ በደቦ ይውጣ፤ የጎረቤቱን ልጅ ፊደል ያስቆጥር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው በከንቱ አይደለም። እንዲህ ያደረገ ሰው በሁለተኛው ዓመት ዋስ ማን ነው ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ፥ ከመንደሩ አንድ ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ «እኔ ነኝ» ይልለታል፤ ይህንንም እኛ በጆሯችን ሰምተነዋል።