ንፋስ መውጫ ላይ ያደርንባት ሌሊት

ንፋስ መውጫን ብዙ ሰው የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሄደው «የቻይና መንገድ» መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ ይቀጥላል። የእኛም ሐሳብ ይኸው ነበር። ጥር ላይ እናቴንና የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ ስጓዝ ግን መኪናዬ ከተማዋ መግቢያ ላይ ቀጥ አለች።

ነዳጅ አለ፤ ባትሪው ደኅና ነው። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ስሞክረው ምንም እንዳልነበረ ተነሳ። «ተመስገን! በል ሳይመሽ እንሂድ» አለች እናቴ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ጠፋ።

የተጠራው ወጣት መካኒክ «ጋሼ፣ ሲሞቅ ጠፍቶ ሲበርድ ነው የሚነሳው?» አለኝ። ቁልፉን እንዳዞር አድርጎ የሞተር ዙር ቆጣሪውን ተመለከተ፤ ቀስቱ አልተነቃነቀም። ኮፈኑን ከፍቶ የአንዲት ትንሽ ዕቃ ሶኬት ነቀለና በቴስተር ለካት። መስመሯ ተቋርጧል።

«የክራንክ ሴንሰር ናት» አለ። ክራንክ ሻፍቱ ሲዞር አብሮት የሚዞረውን ጥርሳም ጎማ እያነበበች፣ ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ፣ ነዳጁ መቼ እንደሚረጭ ለመኪናዋ ኮምፒውተር የምትነግረው እሷ ናት። ውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ አለ። ሲያረጅ ሙቀት ያለያየዋል፤ ሲበርድ መልሶ ይገናኛል።

«ታዲያ ከተነሳች ቀስ እያልን አንሄድም?» አለች እናቴ።

«እማማ፣ ጨጨሆ ቁልቁለት ላይ ብትጠፋ መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል። ይደሩ፤ ዕቃው ነገ ከደብረ ታቦር ይመጣል።»

የላሊበላ አልጋ ተይዞ ስለነበር ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሞተሩ ሲበርድ ተነስቼ ልሄድም ቃጥቶኝ ነበር። ከኋላ ወንበር የተኛችውን ልጄን ሳይ ተውኩት።

ከተማዋ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ማታ ንፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ስሟ በከንቱ እንዳልወጣላት ገባኝ። ያሳደረችን ሴት ትኩስ ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አቅርባ ጋቢ ደረበችልን። እናቴ ልጄን ጋቢዋ ውስጥ አስገብታ በልጅነቷ በጭነት መኪና ላይ ተጭና ስለሄደችበት የመጀመሪያ ጉዞ አወራቻት። ለእኔ አውርታልኝ አታውቅም።

ዕቃው በማግስቱ ረፋድ ላይ በሚኒባስ መጣ። መካኒኩ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ፤ አንዲት ብሎን ፈትቶ አሮጌዋን አወጣ፤ መቀመጫዋን ከዘይትና ከብረት ብናኝ አጽድቶ አዲሷን አሰረ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ሞተሩ እስኪግል አስነስቶ ካቆየው በኋላ ነው «በሰላም ግቡ» ያለን።

ጨጨሆን በጠራራ ፀሐይ ተሻገርን። ልጄ ዛሬም «ላሊበላ ምን አየሽ?» ሲሏት ወሬዋን የምትጀምረው ከንፋስ መውጫ ድንች ነው።