ከደጋ ወርዶ ባሮ ዳር

ታናሽ ወንድሜ አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ «በሬዎቹን ልሸጥ ነው» አለ። «ምነው?» አልነው። «ጋምቤላ እሄዳለሁ። እዚያ መሬት ሞልቷል አሉ» አለን።

አገራችን ደላንታ ነው፤ ወሎ። ብርዱ አጥንት የሚገባ ደጋ ነው። የአባታችን መሬት ለወንድማማች ሲካፈል ጠበበ። ወንድሜ ሦስት ልጆች አሉት። ስለዚህ ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለም። አባታችን ግን «አንተ ቆይ። በመጀመሪያ ታላቅህ ሄዶ አገሩን ይይ። አጎታችሁም እዚያ አለ» አሉ። እናቴ በሶ ቋጠረችልኝ። እኔም ተነሣሁ።

መንገዱ ረጅም ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ገባሁ። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱ አድርጌ ጎሬ ደረስኩ። ጎሬ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ 2000 ሜትር ያህል። ቡና አለ፤ ደን አለ፤ ጉም አለ። እዚያ ጋቢዬን እንደ ለበስኩ ነበርኩ። ቡሬን አልፈን መኪናው ቁልቁለቱን ሲይዝ ጋቢዬን አወለቅኩ። ቀጥዬ ኮቴን አወለቅኩ። ጋምቤላ ስንደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። ከተማው ያለው 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ለደጋ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀን ሥራ አይሠራም። ሰው በሌሊት ተነሥቶ ይሠራል፤ ፀሐይ ሲከር ጥላ ይገባል።

ከተማው ባሮ ወንዝ ዳር ነው። ባሮ እንደ እኛ ወንዞች እየጮኸ ገደል አይወርድም። ሰፊ ነው፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ጊዜ በተደረገው ውል እንግሊዞች እዚያ የንግድ ጣቢያ እንዲያቆሙ ተፈቅዶላቸው ነበር። ክረምት ውሃው ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ተነሥቶ ጋምቤላ ይደርስ ነበር። ቡና ጭኖም ይመለስ ነበር። ይህን ስሰማ ተገረምኩ። መርከብ ያለ ባሕር ይሄዳል ብዬ አላውቅም ነበር።

አጎቴ የሚኖሩት ከከተማው በስተደቡብ አቦቦ ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በሰፈራ የሄዱ ናቸው። በዚያ ሰፈራ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከደጋው ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተወስዷል። ወዶ የሄደ ነበር። ሳይወድ የተጫነም ነበር። ባልና ሚስት የተለያዩበት ጊዜ ነው። የሰፈራ መንደሮቹ ስም እንኳ ሳይሆን ቁጥር ነበር የተሰጣቸው።

«አያ፣ ሲመጡ ምን ነበር የነገሩዎት?» አልኳቸው።

«መሬቱ ለም ነው አሉን። እውነታቸውን ነው። ለም ነው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ስለ ወባው ግን ማንም አልነገረንም፣ ልጄ» አሉኝ።

በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ጎጆ ሁለት ሦስት ሰው ይቀበር ነበር አሉ። የደጋ ሰው ሰውነት ወባን አያውቃትም። ቆላ የተወለደ ሰው ከልጅነቱ ስለ ታመመባት ትንሽ ይቋቋማታል። አዲስ መጪውን ግን ቶሎ ትጥላለች። በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትንና እርጉዝ ሴቶችን ትጎዳለች። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ አጎበር ከጓዝ ሁሉ በፊት የሚያዝ ነገር ነው። ትኩሳት ሲጀምር፣ ብርድ ብርድ ሲል «ነገ ይለቀኛል» ብሎ መተኛት አይገባም። በዚያው ቀን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም መመርመር ነው። ዛሬ ጥሩ መድኃኒት አለ። ግን የታዘዘው ሁሉ ተውጦ ማለቅ አለበት። አጎቴ በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ልጃቸውን ቀብረዋል። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም።

ቀጥዬ ስለ በሬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «ወንድምህ በሬ እነዳለሁ እንዳይል» አሉ። በቆላው ወንዝ ዳርና በቁጥቋጦው ውስጥ ገንዲ የሚያመጣው ዝንብ አለ። ይህ ዝንብ የሚነክሰው በቀን ነው። የተነከሰ በሬ እየበላ ይከሳል፤ ፀጉሩ ይቆማል፤ ጉልበቱ ያልቃል። የእንስሳት ሐኪም መርፌ ይወጋዋል፤ ይሻለዋል። ዝንቡ ግን እንደገና ያገኘዋል። ሰፈራው ሲጀመር የሚታረሰው በትራክተር ነበር። ትራክተሩ ሲቀር ሰው ወደ መቆፈሪያ ተመለሰ። ሞፈርና ቀንበር ብቻ ለለመደ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴ እዚያ አይሆንም። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ ይሆናል። ማንጎ በየጓሮው አለ። እህሉ ጥሩ ይበቅላል። ግን በሙቀቱ ነቀዝ ቶሎ ይገባበታል። የቤቱንም ቋሚ ምስጥ ይበላዋል። እኛ ደጋ ላይ ጎተራ ሞልቶ ዓመት ይቆያል እንላለን። እዚያ እንዲህ ብሎ ማሰብ አይቻልም።

አሁን ወንድሜ «ሞልቷል» ወዳለው መሬት ልምጣ። እኔም በመንገድ ሳየው ባዶ መስሎኝ ነበር። ደን ነው፤ ሣር ነው፤ ሰው አይታይም። አጎቴ ግን «ባዶ የለም» አሉኝ። አኙዋኮች ወንዝ ዳር ያርሳሉ። ጎርፉ ሲሸሽ እርጥበቱ ላይ በቆሎ ይዘራሉ። አንዱን ማሳ እንዲያርፍ ትተው ወደ ሌላው ይዞራሉ። ያረፈው ማሳ ለእንግዳ ጫካ ይመስለዋል። ለባለቤቱ ግን ማሳ ነው። ኑዌሮች ከብት አርቢ ናቸው። በክረምት ከጎርፍ ሸሽተው ወደ ከፍታው ይወጣሉ፤ በበጋ ውሃና ሣር ተከትለው ወንዝ ዳር ይወርዳሉ። «በዚያ ሰፈራ ጊዜ ደኑን ስንመነጥር የማን ነው ብለን አልጠየቅንም። የአገሩን ሰው አስቀየምነው» አሉኝ አጎቴ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰፋሪ ቦታውን ጥሎ ወደ ወሎና ወደ ሌላውም ትውልድ አገሩ ተመለሰ። ሲመለስ ብዙው የድሮ መሬቱን ሌላ ሰው ይዞት አገኘው።

በእኔ አስተያየት ከወባውም በላይ የሚያስፈራው ይህ ነው። ከሁለቱም አገር መሬት ማጣት።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ቦታ መኖር እንደሚችል ይናገራል። ይኸው ሕግ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ «መሬት ልሽጥልህ» የሚል ደላላ ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡት። የእርሻ መሬት የሚያስተዳድሩት ክልሎች ናቸው። የአንዱ ክልል ደንብ ከሌላው ይለያል። በትውልድ ቦታ ያለውን መሬት ለረጅም ጊዜ ጥሎ የጠፋ ሰው የመጠቀም መብቱን ሊያጣ ይችላል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ሰፈራ ሰው የሚሰፍረው በገዛ ክልሉ ውስጥ ነበር። የቀድሞ መሬቱም ለሦስት ዓመት እንዲጠበቅለት ተብሎ ነበር። በራሱ ፈቃድ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ግን እንዲህ ብሎ የሚጠብቅለት የለም። ከመነሣቱ በፊት የቀበሌውን መሬት አስተዳደር ይጠይቅ። መሸኛና መታወቂያ ይያዝ። የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ ይያዝ።

ደግሞም ሰላሙን ይጠይቅ። በጋምቤላ ግጭት የተነሣባቸው ጊዜያት አሉ። ወሬውን ከደላላ ሳይሆን እዚያ ከሚኖር ሰው መስማት ይሻላል።

ቋንቋስ? የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ቢሮ ገብቶ መናገር አይቸግርም። ጎረቤት ግን በቋንቋው ሲናገሩት ደስ ይለዋል። ኑዌሮች ሰላምታ ሲሰጡ «ማሌ» ይላሉ። እኔም ገበያ ውስጥ «ማሌ» ብዬ አንዲት ዓሣ ሻጭ ሳቀችብኝ። ዓሣውን ግን አስተካክላ ሸጠችልኝ።

ቤት ተመልሼ ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። «ታዲያ አልሂድ ነው የምትለኝ?» አለ። «አይደለም። መሬቱ ለም ነው፤ አጎታችንም እያረሱ ነው» አልኩት።

ያን ጊዜ ሚስቱ ከጓዳ ወጣች። «ደብተሩ ላይ የኔም ስም ከነፎቶዬ አለ። እኔ ሳልስማማ መሬቱ አይተውም። በመጀመሪያ አንተ ብቻህን ሂድ። መስከረምና ጥቅምትን እዚያ ክረም። በወባው ወራት እየው። ከዚያ ና ንገረኝ» አለችው።

አባታችን «ይኸው ነው» አሉ።

በሬዎቹ አልተሸጡም። ጎረቤታችን በእኩል ያርስባቸዋል። ወንድሜ ሰኔ ላይ ሄደ። ሲሄድ የያዘው አንድ ከረጢት ነው፤ ከላይ የታሰረው አጎበሩ ነበር።