ነጥቡ ጠፋ ማለት ሕመሙ ጠፋ ማለት አይደለም

በባዮሎጂ ክፍላችን ጥግ ያለውን የዓሣ መስታወት የማያውቅ እጩ መምህር የለም። ብዙዎቻችን ግን ስናልፍ አየት አድርገነው እንሄዳለን እንጂ ዓሣም እንደ ማንኛውም እንስሳ የሚታመም፣ ታሞም የሚድን ፍጡር መሆኑን ልብ አንልም። ዓሣ አይጮኽም፤ አያቃስትም። ሕመሙን የሚነግረን በአኳኋኑ ነው። እኛ የመስታወቱ ተረኞች ዘንድሮ ያየነውንና የተማርነውን እነሆ ለአንባብያን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ጤነኛውን ያላወቀ በሽተኛውን አይለይም። ጤነኛ ጎልድፊሽ ክንፉን ዘርግቶ ይዋኛል፤ ምግብ ሲጣልለት ይሽቀዳደማል። የታመመው ክንፉን ሰብስቦ ጥግ ይይዛል፣ ምግብ ይተዋል፣ ገላውን ከድንጋይ ጋር ይፋቃል። ወደ ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፋፍት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኦክሲጅን አጥሮታል ወይም ስንጥቡ ተጎድቷል። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ መስታወቱን በዓሣ ማጨናነቅ ለኛ ይበልጥ ያስፈራል።

ነጭ ነጥብ ሁሉም በሽታ አይደለም። ወንዱ ጎልድፊሽ በመራቢያው ወቅት በስንጥብ ክዳኑና በፊት ክንፉ ላይ ነጫጭ ነጥብ ያወጣል። በጥር ወር በሰባቱ ዓሦቻችን ላይ ያየነው ግን ሌላ ነበር። ገላቸውም ጅራታቸውም ጨው የተነሰነሰበት መሰለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱ ሞቱ። «ኧረ ድፉት! ለዓሣ ደግሞ ምን ሕክምና አለው?» ያሉ አልጠፉም። የባዮሎጂ መምህራችን ግን «መጀመሪያ ውኃውን መርምሩ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል። በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ውኃውን ሙሉ በሙሉ ደፍቶ ሁሉንም ፈትጎ ማጠብ እነዚህን ባለውለታዎች ማጥፋት ነው። ስለሆነም ከ60 ሊትሩ 15 ሊትር ብቻ ቀየርን። የቧንቧው ውኃም ክሎሪኑ እንዲወጣለት አንድ ቀን በባልዲ አደረ።

ቀጥሎ ጨው። ለአንድ ሊትር 3 ግራም ሒሳብ 180 ግራም መሆኑ ነው። ዓሦቹ እንዳይደነግጡ 60፣ 60 ግራም እያደረግን በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ጨመርን። የውኃ ተክሉን አስቀድመን አወጣን፤ ጨው ይጎዳዋልና። ከዚያ በኋላ 15 ሊትር በቀየርን ቁጥር የምንጨምረው ጨው የዚያኑ ውኃ ድርሻ፣ 45 ግራም ብቻ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ነጥቡ ሁሉ ረገፈ። ክርክሩም ያን ጊዜ ጀመረ። «ዳኑ እኮ! ምን ቀረን? ፈተናም ደርሷል» የሚል ድምፅ በረከተ። ግማሾቻችን ደግሞ እንቀጥል አልን። የሚያስቀጥለን ምክንያት ነበረን። በሽታውን የሚያመጣው ኢክትዮፍቲሪየስ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። ከዓሣው ቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አያገኘውም። ጠግቦ ሲረግፍ ከታች ተጣብቆ ይሸፈናል፤ እዚያም ተከፋፍሎ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ይወልዳል። ጨዉ የሚገድላቸው እነዚህ ልጆች አዲስ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ ነው። ውኃው 25 ዲግሪ ሲሆን ዑደቱ በሳምንት ገደማ ያልቃል፤ ሲቀዘቅዝ ሳምንታት ይፈጃል። የኛ ክፍል ውኃ ደግሞ 18 ዲግሪ ነው። እንግዲህ ነጥቡ የረገፈ ዕለት ሕክምናውን ማቆም በሽታው ሊባዛ ሲል መንገድ መክፈት ነው።

በመጨረሻ ተስማማን። በፈተናው ሰሞን እንኳ ተራችንን ሳናጓድል ሌላ ሦስት ሳምንት ቀጠልን። አምስቱ ዓሦች ይኸው እስከ ዛሬ አሉ።

ለተተኪዎቻችን የምንለው አጭር ነው። አዲስ ዓሣ ሲመጣ አራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ተረኛው በየቀኑ አምስት ደቂቃ ቆሞ ይመልከት፤ ያየውንም በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ፣ ድምፁን ሳያሰማ ጥግ የሚይዝ ልጅ በየክፍላችን ይኖራል። ያንን ልጅ የሚያይ ዓይን ከወዲሁ መልመድ አለበት።