ከቃሊቲ ወደ አዋሽ ማዶ፤ ለቤተ ሰብ የሚሆን የአንድ ቀን ጉዞ

በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአቃቂ ቃሊቲ አውራ መንገድ ዳር የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም ከአዲስ አበባ የሚወጣው መኪና አብዛኛው በቱሉ ዲምቱ አልፎ ወደ ቢሾፍቱ የሚጎርፍ መሆኑ ነው። ቢሾፍቱ መልካም ከተማ ናት፤ ሐይቆቿም ያማሩ ናቸው። ዳሩ ግን ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ወደ አንድ የውኃ ዳር የሄደ እንደ ሆነ፣ ነገሩ ከግርግር ሸሽቶ ወደ ግርግር መግባት ይሆናል። ዋጋውም ቢሆን አራትና አምስት ልጆች ላሉት አባት የሚቻል አይደለም። ልጆቹ ማታ ሲመለሱ «ምን አያችሁ?» ቢባሉ፣ ስለ ሙዚቃው ጩኸትና ስለ ድንች ጥብሱ ከመናገር በቀር ሌላ የሚመልሱት የላቸውም።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። ወደ ጃፓን አገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. ብቻ 37 ሚሊዮን የሚጠጋ የውጭ አገር ሰው ገብቷል። በጥንታዊቱ የኪዮቶ ከተማ ጊዮን በሚባለው ሰፈር ነዋሪዎቹ መግቢያና መውጫ ስላጡ፣ በዚያው ዓመት የግል የሆኑት ጠባብ መንገዶች ለጎብኚ ተከለከሉ። በፉጂ ተራራ ግርጌ ያለች አንዲት ከተማም ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሕዝብ መንገዱን ቢዘጋባት፣ ተራራውን የሚጋርድ ጥቁር መረብ እስከ መዘርጋት ደርሳ ነበር። የገዛ ተራራን በመረብ መጋረድ! አስተዋዮቹ ግን ከኪዮቶ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው ኦሃራ ወደምትባለው የተራራ መንደር ይሄዱና በጸጥታ ውለው ይመለሳሉ። እኛም የራሳችን ኦሃራዎች አሉን፤ ለአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ ደግሞ ከማንም ይልቅ የቀረቡ ናቸው።

ከሁሉ የሚቀርበው የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ነው። በሰፈራችን የሚያልፉት የአቃቂ ወንዞች የሚጠራቀሙበት ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድብ የተሠራበት ስፍራ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሥራ ፈትቶ ከኖረ በኋላ በቻይናውያን እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ተመርቋል። ስለ ኤሌክትሪክ ለሚማር ልጅ ይህን ማሳየት ከመጽሐፍ ሥዕል ይበልጣል። ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባልና፣ የፋብሪካው ፍሳሽና የከተማው ጥራጊ ሁሉ ወደዚያው የሚወርድ ስለ ሆነ፣ እምቦጭም ስለ ወረሰው፣ ልጆችን ወደ ውኃው ማስጠጋት አይገባም። ከዳር ሆኖ ወፎቹን መመልከት ይበቃል። በቤታችን ደጅ የምንጥለው ቆሻሻ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ የፈለገ ሰው ካለም፣ ማረፊያው ይኸው ነው።

ከዚህ የሚሻለው ጉዞ ከቃሊቲ በቀለበት መንገድ ወደ ምዕራብ ተጉዞ፣ ዓለም ገና ላይ ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ መያዝ ነው። ማለዳ በ12 ሰዓት የተነሣ ቤተ ሰብ መንገዱ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተሄደ አዋሽ ወንዝ ይገኛል፤ ቦታውም መልካ ቁንጡሬ ይባላል። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። አዋሽ በዚያ ገና ትንሽ ነው፤ በአፋር በረሃ የሚታወቀውን አዋሽ አይመስልም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ጄራርድ ዴከር የተባለ የኔዘርላንድስ ተወላጅ የውኃ ባለሙያ በዚህ ወንዝ ዳር የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎች ተበትነው አገኘ። ከዚያ ወዲህ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሊቃውንት ከኢትዮጵያውያን ጋር ሲቆፍሩ ኖረዋል። የተገኘውም የሚያስደንቅ ነው። ጋርባ በሚባለው ስፍራ 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ የተሰጠው የሕፃን መንጋጋ ወጣ። ጎምቦሬ በሚባለው ደግሞ 700 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የእግር ዱካ ተገኘ፤ ከዱካዎቹም ውስጥ የትንንሽ ልጆች ይገኙበታል። ሊቃውንቱን ይልቁንም ያስገረማቸው፣ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ደጋ ሳለ ሰው ይህን ያህል ቀደም ብሎ ብርዱን ችሎ መኖሩ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መልካ ቁንጡሬና ባልጩት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተመዘገቡ። በግቢው ውስጥ እንደ ባላገር ጎጆ ክብ ሆነው የተሠሩ አነስተኛ የሙዚየም ቤቶች አሉ፤ ጽዱና ጸጥተኛ ናቸው።

ባልጩት የተባለችው ከወንዙ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ መንደር ናት። ስሟ ሥራዋን ይናገራል። ከእሳተ ገሞራ የወጣው ቅላጭ ድንጋይ በቶሎ ሲበርድ እንደ ጥቁር መስተዋት ይሆናል፤ ይህም ባላገር ቆዳ የሚፍቅበትና የሚበጣበት ባልጩት ነው። በዚያች መንደር መሬቱ ሁሉ የባልጩት ስባሪ ነው። ከተማሪዎቼ ጋር በሄድሁ ጊዜ አንዱ ልጅ ስለታሟን ስባሪ በኪሱ ሊከት ሲል አየሁትና «ከየት አነሣኸው?» አልሁት። «ከዚህ ነው፣ ጋሼ፤ ብዙ አይደለም ወይ?» አለኝ። ብዙ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አጥኚዎቹ የሚያነቡት ስባሪው የወደቀበትን ቦታ ጭምር ነውና፣ ከስፍራው የተነሣ ድንጋይ ከመጽሐፍ እንደ ተቀደደ ቅጠል ነው ብዬ አስመለስሁት። አሥር ተማሪ አሥር ስባሪ፣ ሺህ ጎብኚ ሺህ ስባሪ ቢወስድ ምን እንደሚቀር ልጁ ራሱ አሰበው።

ያው ልጅ በመመለሻችን ላይ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ዓመተ ዓለም 7500 ዓመት ተቆጥሮ ጥቂት ያለፈ ሲሆን ይህ 2 ሚሊዮን እንዴት እንደሚስማማ ጠየቀኝ። በሁለቱም ትምህርት ቤት ላለፈ ሰው ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ምሁራኑ የሚቆጥሩት ድንጋዩንና በላዩ የወደቀውን የእሳተ ገሞራ አመድ እንደ ሆነ፣ አባቶች ዘመን የሚቆጥሩት ግን ስለ ድኅነታችን ነገር እንደ ሆነ ነገርሁት። ከዚህ የበለጠውን ለንስሐ አባቱና ለሳይንስ መምህሩ፣ ለየራሳቸው እንዲያቀርብ መከርሁት። ጥያቄውን ከማፈን ይልቅ ይህ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ወላጆችም በጉዞው ላይ ሳይጠየቁ አይቀሩምና አስቀድመው ቢያስቡበት መልካም ነው።

ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት አልፎ ከአስፋልቱ ወደ ምዕራብ የተገነጠለው የጠጠር መንገድ ወደ አዳዲ ማርያም ያደርሳል። ላሊበላን ለማየት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ለማይቻለው ቤተ ሰብ፣ ይህች ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ከአዲስ አበባ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ትጠብቀዋለች። ከሚታወቁት ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ወደ ደቡብ ርቃ የምትገኘው እርሷ ናት ይባላል። በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላ ዝቋላን ሊሳለም በመጣ ጊዜ አሳነጻት።

ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሕንፃ ይፈልጋል፤ ሕንፃ ግን አይታየውም። ጣሪያዋ ከመሬቱ ጋር እኩል ነው። ወደ ጫፉ ሲጠጉ ብቻ ዙሪያዋ ወደ ታች ተፈልፍሎ፣ እርሷ በመካከል እንደ ቆመች ይታያል። በደረጃ ወርዶ በጠባቡ መተላለፊያ ሲዞሩ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ድምፅ ይሰወራል፤ ልጆች እንኳ ሳይነገራቸው ዝም ይላሉ። ውስጧ ጨለም ያለ ነው፤ ዓምዶቹን ዓይን የሚለያቸው ቆይቶ ነው። በላሊበላ የገናን ሰሞን ያየ ሰው በሕዝቡ ብዛት ግድግዳውን ሳይዳስስ ይመለሳል፤ በአዳዲ ግን በአዘቦት ቀን የመሮውን ምልክት በጣቱ ጫፍ ሊከተል ይችላል። በወር በ21 የእመቤታችን ቀን ምእመናን ስለሚበዙ፣ ለመሳለም የሚመጣ በዚያን ቀን፣ ሥራውን ለመመርመር የሚመጣ በሌላ ቀን ቢሆን ይሻላል። በጣሪያዋ ላይ መራመድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ድንጋዩ ለስላሳ ነው፣ ውኃም በስንጥቁ ይገባል። ይህን እያወቁ ፎቶግራፍ ለመነሣት የሚወጡ አዋቂዎችን ማየት ያሳዝናል።

ቀኑ ካልመሸ ወደ ደቡብ ቀጥሎ በሶዶ ምድር ጢያን ማየት ይቻላል። 36 ትክል ድንጋዮች በሜዳ ላይ ቆመዋል፤ ከእነርሱም 32ቱ የሰይፍና ትርጉማቸው ገና ያልተፈታ ሌሎች ምልክቶች ተቀርጸውባቸዋል። አንደኛውን ምልክት አንዳንዶች የእንሰት ቅጠል ነው ይላሉ። የአገሩ ሰው የግራኝ ድንጋይ ሲል ይጠራቸዋል፤ በቁፋሮ የተገኙት መቃብሮች ግን ከግራኝ ዘመን ቀደም ያሉ ናቸው። ቦታው ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን ያህል ዘመን የተመዘገበ ቅርስ በእሑድ ቀን አምስት ጎብኚ ብቻ ይዞ ሲገኝ ያስደንቃል።

ስለ ዝቋላ ሳልናገር ባልፍ የአቃቂ አንባቢ ይታዘበኛል፤ በጠራ ማለዳ ከሜዳችን ወደ ደቡብ ስንመለከት የምናየው እርሱ ነውና። 2989 ሜትር የሚደርሰው ተራራ በጫፉ ሐይቅ፣ በዙሪያው የጽድና የኮሶ ደን፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስንም ገዳም ይዟል። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ሕዝብ ይጎርፍበት ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ግን በገዳሙ መነኮሳት ላይ ግድያ ደርሷል። ስለዚህ የመንገዱን ሁኔታ ከደብር አስተዳዳሪዎችና ከአካባቢው ሰዎች አስቀድሞ ሳይጠይቁ ልጆችን ይዞ መነሣት አይገባም። ይኸው ጥንቃቄ ለቡታጅራም መንገድ ያስፈልጋል፤ በዋዜማው አንድ ስልክ መደወል ብዙ ድካም ያስቀራል።

ለጉዞው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው በጋ ይመረጣል፤ በክረምት የአዳዲ የጠጠር መንገድ ጭቃ ነው። ስንቅ ከቤት ይያዝ፤ ዳቦ ቆሎና ውኃ ይበቃል፣ የጾም ቀን ከሆነም የሚያስቸግር ነገር የለም። በመልካ ቁንጡሬ ሁለት ሰዓት፣ በአዳዲ ሁለት ሰዓት፣ በጢያ አንድ ሰዓት ቆይቶ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ቤተ ሰብ ሳይመሽ ቃሊቲ ይገባል።