የጅሬን ኮረብታና የአጋሮው ቤታችን

ወደ ጅማ የሄድነው ለሽርሽር አልነበረም። የባለቤቴ አባት አጋሮ ላይ ትተውልን ያለፉት የእንጨትና የጭቃ ቤት አለ። እርሷ ይታደስ ትላለች፤ እኔ ፈርሶ በብሎኬት ይሠራ እላለሁ። ሁለት ዓመት ተከራከርን። (በትዳር ውስጥ ያላችሁ፣ ክርክሩ ስለ ቤት ብቻ እንዳልነበረ ይገባችኋል።)

ኅዳር ነበር፣ ቡናው የቀላበት ሰሞን። ወደ አጋሮ ከማለፋችን በፊት ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ጅሬን ወጣን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው፤ ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ኖረዋል። ሀብቱ ከየት መጣ ብትሉ፣ አንዱ ምንጭ የሂርማታ ገበያ ነው። እዚያ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይሸጥ ነበር፤ መደበቅ የለበትምና፣ ሰውም ይሸጥ ነበር። ሰገነቱን ሳደንቅ ይህን መርሳት አልቻልኩም።

ሕንፃው ለዓመታት ክፉኛ ተጎድቶ ቆይቶ በቅርብ ዓመታት ታድሷል። ጅማ ዝናብ የማይጠፋበት አገር ነው፤ የእንጨት ቤትን ከላይ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ከታች እርጥበትና ምስጥ ይበሉታል። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የወጣው የቅርስ ጥበቃ ደንብ ስለዚህ ሁለት ነገር ይላል፦ ጥበቃ ማለት ከሁሉ በፊት የማያቋርጥ እንክብካቤ ነው፤ በጎደለው ቦታ የሚተካው ደግሞ ከነባሩ ጋር ይስማማ፣ ግን ነባሩን መስሎ አያታል። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ።

ወደ አጋሮ የሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን ቡና ነው፤ በጥላ ዛፍ ሥር ያለው፣ አልጋ ላይ የተሰጣው። ደርሰን ሻንጣችንን እንኳ ሳናወርድ ከጓሮ ጀመርን። ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ከሥራቸው በቢላዋ ወጋሁ። አሥራ አንዱ ቢላዋ አላስገባም አሉ። ሁለቱ እንደ ዳቦ ሆነዋል፤ ሁለቱም የቆሙት አሸንዳው በተሰበረበት ማእዘን ሥር ነው። አሸንዳው የተሰበረው አማቴ በሕይወት ሳሉ ነበር፤ እጠግነዋለሁ ብዬ ቃል የገባሁትም እኔው ነኝ።

ማታውን አናጺ አስጠራን። የተቆራረጥነው ለሁለት ምሰሶና ለአንድ አሸንዳ ነው።