የሹራብ ክር

ሹራብንና ሹሩባን በአማርኛ የሚለያቸው አናባቢ ብቻ ነው። እኔ ግን በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት ሁለቱን አንድ አደረግኋቸው። ከገበያ ስድስት ጥቅል ጥቁር የሹራብ ክር ገዝቼ በራሴ ላይ ድሬድ አሠራሁበት።

ነገሩ የፋሽን ጉዳይ ይመስላል። ለተማሪዎቼም እንዲያ ነበር ያልኳቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ታይፎይድ ጥሎኝ ነበር። ትኩሳቱ ሲለቀኝና እህል ሲስማማኝ ዳንኩ ብዬ ሥራ ገባሁ። ኅዳር ሲጋመስ ፀጉሬ በማበጠሪያው እየታፈሰ ይወጣ ጀመር። ብርቱ ትኩሳት ካለፈ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ፀጉር እንደሚረግፍ፣ አብዛኛውን ጊዜም ተመልሶ እንደሚበቅል ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የታየኝ አንድ ነገር ነበር፤ ጥር ላይ የታናሽ እኅቴ ሠርግ አለ። ሠርጉ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው የገጠር ቤታችን ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሴት ልጅ ከስታና ፀጉሯ ሳስቶ ከከተማ ከመጣች ሰው የሚጠረጥረው በሽታ አንድ ነው፤ ስሙንም ጮክ ብሎ አይጠራውም። ለእናቴ መታመሜን አልነገርኳትም ነበር።

የሠራችኝ የግቢያችን ልጅ ናት። ባለሱቁ "ሱፍ ነው" ብሎ የሸጠልኝን ክር በመጀመሪያ ጫፉን በክብሪት ፈተነችው። ሲቃጠል ፀጉር ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፤ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ከጠጠረ ሰው ሠራሽ ነው። የእኔው ቀለጠ። "ይሄ ይሻላል፤ ጥጥ ውኃ ጠጥቶ ይከብድሻል" አለችኝ። ፀጉሬን አጥቤና በደንብ አድርቄ ተቀመጥኩ። ክሩን ከምንፈልገው ርዝመት እጥፍ አድርጋ ቆረጠችው። ፀጉሬን በወስፌ አራት ማዕዘን እየከፈለች፣ ክሩን ከመካከሉ አጥፋ ከሥሩ ጋር ትጎነጉነዋለች፤ በላዩም ሌላ ክር ከላይ እስከ ታች ትጠመጥምበታለች። ጫፉን ቋጥራ በሻማ ለኮስ ታደርገውና በእርጥብ ጨርቅ ጫን ስትለው ቋጠሮው ይዘጋል። በባዶ ጣት የነካው ግን ወዮለት፤ የቀለጠ ክር ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሑድ ማታ ፈጀብን። "ጠበቅ አድርጊው፣ እንዳይፈታ" እያልኩ የጎተጎትኳት እኔው ነኝ። ቅንድቤ ወደ ላይ እስኪሳብ ተወጠርኩ። ሁለት ሌሊት ራሴን ትራስ ላይ ማሳረፍ አቅቶኝ አደርኩ።

አንባቢ ሆይ፣ ፀጉር ከባለቤቱ ቀድሞ ያወራል። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ራስታ ሆኑ እንዴ?" አሉኝ። ስሙ ከእኛው ከራስ ተፈሪ ተነሥቶ ጃማይካ የደረሰ፣ ኋላም ንጉሡ በሻሸመኔ በሰጡት መሬት ላይ ተመልሶ የሰፈረ ነው። ቡሬ መናኸሪያ ስወርድ ደግሞ አንድ አዛውንት "ስለት ነው ልጄ?" ሲሉ ጠየቁኝ። እሳቸው በእኔ ላይ ያዩት ዳባ ለብሶ፣ ፀጉሩን ቁንዳላ አድርጎ በየገበያው የሚገሥጸውን ባህታዊ ነው። ሹሩባ ስንል የአፄ ቴዎድሮስ ራስ ትዝ የሚለን ደግሞ ብዙ ነን። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ከራሳቸው ተቆርጦ የተወሰደው ፀጉር ለንደን ከሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለአገሩ የተመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከ151 ዓመት በኋላ። እናቴም ብትሆን አባቴ በሞተ ጊዜ ራሷን ተላጭታ ያሰረችውን ጥቁር ሻሽ ከሦስት ዓመት በፊት አላወረደችውም። እንግዲህ ፀጉር ምን እንደሚናገር ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ የፈራሁትም እሷን ነበር።

ከቡሬ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ተጉዤ ስደርስ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። አገላብጣ ሳመችኝና "ራስ ሳይጠና ጉተና!" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በልቤ፣ አመለጥኩ አልኩ።

ማታ ግን አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ ይዛ መጣች። የሙሽራ እኅት እንዴት ራሷን ሳትቀባ ትውላለች!

"ክሩ ቅቤ አይወድም እማዬ። ይጠጣውና ይሸታል፤ አቧራም ይይዛል" አልኳት። ይህ እውነት ነው። የክር ድሬድ አያያዙ ሌላ ነው፤ ሻምፖ በውኃ አቅጥኖ ቆዳውን ማጠብ፣ ክሩን ሳያሹ መጭመቅ፣ እስከ ውስጡ ማድረቅ (እርጥቡን ካደረ ይሻግታል)፣ ማታ በሚያንሸራትት ሻሽ መሸፈን፣ ሁለት ወር ሳይሞላም መፍታት።

"እሺ፣ ቆዳሽን ብቻ" አለችና በጣቷ ጫፍ ከግንባሬ ጀመረች። ጆሮ ግንዴ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ባትሪውን አስጠጋች። ነጫጭ ብጉር ወጥቷል፤ ፀጉሩ ከነሥሩ ለቅቆ ክሩ በጥቂት ዘለላ ብቻ ተንጠልጥሏል።

"ታመሽ ነበር?"

ዝም አልኩ።

"መቼ?"

"መስከረም ላይ። ታይፎይድ።"

"ውኃ ማን አቀበለሽ?"

ምን በሽታ ነው ትለኛለች ብዬ ስፈራ የከረምኩ ሰው፣ ለዚህኛው ጥያቄ መልስ አላዘጋጀሁም ነበር። "ጎረቤቶቼ" አልኳት። እሷም ሌላ አልጠየቀችኝም። ጥጥ ሲፈትል በኖረ እጇ የፊተኛውን ረድፍ አንድ በአንድ ትፈታው ጀመር። "የሳሳ ፈትል ከጎተቱት ይበጠሳል፤ ልጅ ሳለሽ አስተምሬሽ ነበር" አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው፤ የሳሳውን ልሸፍን ብዬ የቀረውን ስነቅል ከርሜያለሁ። የፈታችውን ክር እንደ ልቃቂት ጠቅልላ አስቀመጠችው።

በሠርጉ ቀን ግንባሬን በሻሽ አሰረችልኝ። ለጠየቃትም ላልጠየቃትም "ልጄ መስከረም ላይ ታይፎይድ ታማብኝ ነበር" እያለች ስትናገር ዋለች። በሽታው በስሙ ሲጠራ ሹክሹክታው መግቢያ አጣ።

ፍኖተ ሰላም ተመልሼ የቀረውን ፈታሁት። የጆሮ ግንዴ ፀጉር ለመመለስ ከዓመት በላይ ፈጀበት፤ በግራ በኩል ዛሬም ሳሳ ያለ ነው። ከዚያ ወዲህ በክር የተሠራሁት አንድ ጊዜ ነው፤ የግንባሬን ዳር ሳላስነካ፣ አመመኝ ስል ወዲያው በምታላላልኝ ልጅ እጅ።

በዚያ ዓመት ለፋሲካ ቤት ስገባ እናቴ አዲስ ሌማት ሰፍታ አገኘኋት። በስንደዶው መካከል ጥቁር ሐረግ ዞሮበታል። ጠጋ ብዬ ዳሰስኩት፤ የሹራብ ክር ነው።